ጎን ቁጥር 318

«ሀዋሳ ውስጥ ፌቨንን መልስ የሚያሳጣ ወንድ አልተወለደም» አለች ፌቨን ራሷ፣ ዴስክ ላይ ወጥታ እግሮቿን እያወዛወዘች። «ተወልዶም ከሆነ ገና ጡት አልጣለም።»

የረቡዕ እረፍት ሰዓት ነው። የዘጠነኛ «ቢ» ሴቶች ከበዋታል። ወሬው የትናንቱ ነው። ትናንት ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥታ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ባለው የባጃጅ ተራ በኩል ስታልፍ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ ከኋላዋ ቀስ እያለ መጥቶ ወገቧን ቆንጥጧት ነበር። ጠዋት ከሰልፍ በፊት አንዴ ተርካዋለች፤ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በሹክሹክታ አንዴ፤ ይሄ ሦስተኛው ነው። በተተረከ ቁጥር እየጣፈጠ መጥቷል።

«ከዚያስ?» አለች ኢየሩስ፣ ሦስቱንም ጊዜ የሰማችው።

«ከዚያማ ዞር ብዬ ከእግር እስከ ራሱ አየሁታ። ሽማግሌ ነው ባክሽ። አያቴን የሚያህል፣ ጥርሱ ተቆጥሮ የቀረ። ‹አባባ› አልኩት፣ ‹ምርኩዝዎ ጠፍቶብዎት ነው እኔን የያዙኝ?›»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ኢየሩስ ዴስኩን እየደበደበች ሳቀች። ሽማግሌው ምን መለሰ ብለው ሲጠይቋት፣ ምን ይመልሳል፣ ጋዙን ጠምዝዞ ላሽ አለ፣ ከድንጋጤው የተነሳ ቦይ ውስጥ ሊገባ ለትንሽ ነው የተረፈው አለቻቸው። ጠዋት ሲተረክ ቦይ አልነበረም።

ያልሳቀችው ሃሴት ብቻ ናት። ሃሴት ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ከፌቨን ጎን የምትቀመጥ ልጅ ስትሆን፣ ፌቨን ስለ እሷ የምታውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ እጅ ጽሑፏ ያምራል፣ እና ፈሪ ናት። ፈሪነቷን ያወቀችው በምትሄድበት መንገድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ሌላው ሁሉ በባጃጅ ተራው በኩል ሲያልፍ፣ ሃሴት ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ በጉዱማሌ በኩል ዞራ ነው ቤቷ የምትገባው። ሃያ ደቂቃ ይጨምርባታል። እንዲህ ላሉ ሴቶች ፌቨን ትዕግሥት አልነበራትም። ለካፊ የሚለክፈው እንደነዚህ ዓይነቶቹ ዝም ስለሚሉት ነው ትል ነበር፤ ያውም ሃሴት እየሰማች።

ለለካፊዎቹ ያላት ንቀት ደግሞ የተጠና ነው። በየዓይነታቸው ለይታ ታውቃቸዋለች። ከሁሉም በታች ያሉት «ፕስስ» ባዮቹ ናቸው፤ ሰው መጥራት አቅቷቸው ድመት በመጥራት የቀሩ። ቀጥለው «ስልክሽን ስጪኝ» ባዮቹ ይመጣሉ፤ ስልኩን ቢያገኙት የሚልኩባት «መልሰሽ ደውይልኝ» የሚል መልእክት ነው። ሌሎቹ ደግሞ «የኔ ማር» ብለው ጀምረው፣ ማሯ ዝም ስትላቸው «ደግሞ ላንቺ» ብለው የሚጨርሱ ናቸው። ከማር እስከ «ደግሞ ላንቺ» አራት እርምጃ አይሞላም። ከሁሉም በላይ የሚያናድዳት ግን ስንፍናቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ተራ ይዘው ተቀምጠው፣ ፀጉራቸውን በጄል ለጥፈው፣ አንድ አዲስ ቃል የፈጠረ የለም። የዛሬ ሃያ ዓመት እናቷን ያሏትን ነው ዛሬ እሷን የሚሏት። ቢያንስ እናቷ እንዲያ ብላታለች።

ይሄ ሁሉ እውነት ነው። የማክሰኞው እውነት ግን ካወራችው አጠር ይላል።

ማክሰኞ ፌቨን ዞር አላለችም። ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ሰምታ መንገድ ልትለቅለት ወደ ዳር ጠጋ አለች። እጅ መጣ። ሸሚዟና ቀሚሷ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቆነጠጣትና ሄደ። ቀና ስትል ባጃጇ አልፋታለች። ያየችው ሰማያዊ የኋላ ሸራ፣ በነጭ ቀለም የተጻፈ 318፣ በጎን በኩል ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ቢጫ የላስቲክ አምባር ያሰረ እጅ ነው። ፊት አላየችም። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። አንድ ብስክሌት ነጂ ከኋላዋ መጥቶ ደወሉን እስኪደውልባት ድረስ እንደዚያው ቆማ ቀረች።

የምርኩዙ መልስ የመጣላት ቤቷ ደርሳ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። እንዲህ ያለ መልስ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ መምጣቱ አበሳጫት። ብቻ መልሱ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ ጎረምሳን ምርኩዝህ ጠፋ ወይ ቢሉት ማንም አይስቅም። ስለዚህ ሽማግሌውንም አመጣችው።

ረቡዕ ከሰዓት፣ የክፍሉ ሳቅ ገና ጆሮዋ ላይ እያለ፣ ከብስኩት ካርቶን አንዱን ጎን ቀደደችና በወፍራም ማርከር «የሳምንቱ ቀሽሞች» ብላ ጻፈችበት። ከሥሩ ሰባት የባጃጅ ጎን ቁጥሮች ደረደረች። ሁለቱን በእርግጠኝነት ታውቃቸዋለች። ሦስቱን ከሰው ነው የሰማችው። አንዱን የጨመረችው ከኋላው የለጠፈው ጥቅስ ስላስጠላት ብቻ ነው። አናት ላይ ግን ይሄ ነበር፦

«አንደኛ፦ ጎን ቁጥር 318። ሽማግሌው። የልጅ ልጁን የሚያህሉ ተማሪዎች ላይ እጁን የሚሰድ። ምርኩዝ ይገዛለት።»

ሐሙስ ጠዋት ባጃጆቹ ተሰልፈው ሳይጨርሱ፣ ተራ የሚጠራበት የብረት ምሰሶ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ስሟን አልጻፈችም። ለአንድ ክፍል ሙሉ ሴት ተናግራ ስም መጻፍ ምን ያደርግላታል።

ምሳ ሰዓት ላይ የካርቶኑ ፎቶ በየሰዉ ቴሌግራም ገብቶ ነበር። የኢየሩስ እናት ሳይቀሩ ለልጃቸው ልከውላታል። አርብ ፌቨን በተራው በኩል ስታልፍ አንድም «ፕስስ» አልተሰማም። ነጂዎቹ መሪያቸው ላይ አቀርቅረው ስልካቸውን ያያሉ፤ አንዱ ጭራሽ ባልቆሸሸ መስታወቱ ላይ ተፍቶ ይወለውላል። መሃል ለመሃል ቀስ ብላ፣ ሆን ብላ አለፈች። አንድ ካርቶን። የመንደሩን ጎረምሳ ሁሉ ለማስተንፈስ የፈጀው አንድ የብስኩት ካርቶን ነው። እነዚህን ነበር ሴቱ ሁሉ ሲፈራ የኖረው?

ሰኞ ሃሴት ቦታ ቀየረች። ቦርሳዋን አንስታ መጨረሻው ዴስክ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«ምነው፣ እኔም ለከፍኩሽ እንዴ?» አለች ፌቨን፣ ክፍሉ እንዲሰማ። ክፍሉ ሰማ፤ ሳቀም።

እረፍት ላይ ቧንቧው ጋ ኮዳዋን ስትሞላ ሃሴት መጥታ ከጎኗ ቆመች። ውሃ ልትቀዳ አልነበረም የመጣችው፤ እጇ ባዶ ነው።

«318 የአባቴ ባጃጅ ናት» አለች።

ለፌቨን መጀመሪያ የመጣላት ሐዘኔታ ነው። እንዲህ ዓይነት አባት ማንንም ሊያጋጥም ይችላል፤ የልጅቷ ጥፋት አይደለም። ይህንኑ ቀስ አድርጋ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሃሴት አላስጨረሰቻትም።

«አባቴ ጠዋት ብቻ ነው የሚነዳት። ወገቡን ያመዋል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ መቀመጥ አይችልም። ከሰዓት የሚነዳት ፊልሞን የሚባል ልጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጥርሱም ሙሉ ነው።»

ኮዳው ሞልቶ ውሃው በፌቨን እጅ ላይ ይፈስ ጀመር።

ሃሴት ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሁሉንም ነገረቻት። አባቷ፣ አቶ ዋሲሁን፣ ጠዋት ጠዋት ስድስት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከየቤታቸው እየሰበሰቡ ያደርሱ ነበር። ፎቶው በወጣ በነጋታው የሦስቱ እናቶች ልጆቻቸውን አስወጡ። ዛሬ ጠዋት አራተኛዋ። እሷማ መናገርም አልፈለገችም፤ አባቷ በር ላይ ቆመው ጥሩምባ ሲያሰሙ ቆይተው ሠራተኛዋ ወጥታ «በሌላ ሄዷል» አለቻቸው። በጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እሁድ ጸሎት እንዳይመሩ፣ ነገሩ እስኪጣራ ከኋላ እንዲቀመጡ ተነግሯቸዋል። ማን እንደጻፈው አያውቁም። ሃሴት አልነገረቻቸውም።

«ትናንት ከጸሎት ቤት እንደመጣ አስቀመጠኝና ‹ሳላውቀው ለአንዷ ልጅ ክፉ ነገር ተናግሬ ይሆን?› ብሎ ጠየቀኝ» አለች። «እኔን። ልጁን።»

ፌቨን የምትይዘው ነገር ፈለገች፤ አገኘችም። ፊልሞን እንደዚያ መሆኑን ካወቅሽ ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽ አለቻት። ዝም ባትይ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አለች። ስትናገረው ራሱ ድምፅዋ እንደ ድሮው አልነበረም።

«ፊልሞን እኔን ‹እህቴ› ነው የሚለኝ» አለች ሃሴት። «የሚለክፈው አብራኝ የምትሄደዋን ነው። በእኛ ባጃጅ ተቀምጦ፣ እኔ እያየሁት። በጉዱማሌ የምዞረው ፈርቼ መሰለሽ? አፍሬ ነው። አባቴ ቢያውቅ ቁልፉን ይቀማውና ከሰዓትም በዚያ ወገቡ ልንዳ ይላል። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት፤ ልክ ነው አላልኩም።» ሄድ አለችና ቆመች። «ያን ማክሰኞ ደግሞ ደብተር አልቆብኝ በተራው በኩል መጥቼ፣ መንገድ ማዶ እየገዛሁ ነበር። አይቼሻለሁ።»

«ምን አየሽ?»

«ቆመሽ ስትቀሪ።»

በነጋታው፣ ማክሰኞ፣ ፌቨን ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድማ ከቤት ወጣች። ምን እንደምትፈልግ ለራሷም አልነገረችውም፤ ብቻ ሃሴት ዋሽታ ቢሆን ደስ ይላት ነበር። ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው መዋዕለ ሕፃናት ፊት ለፊት ቆማ ጠበቀች። 318 መጣች። የሚነዱት ሰውዬ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጣል ያደረጉ፣ ወገባቸውን በመቀነት ያሰሩ ናቸው። ለስድስት በተሠራው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ጥግና ጥግ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ልጆቹን አንድ በአንድ አውርደው፣ የአንዷን የጫማ ማሰሪያ ጎንበስ ብለው ሊያስሩ ሲሉ ዙሪያቸውን አዩና ተዉት። ቀጥ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ልጅቷ በተፈታ ማሰሪያ ገባች።

ፌቨን ይህንን ባታይ ይሻላት ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ባጃጅ ተራው ሄደች። አቶ ዋሲሁን ወገባቸውን ይዘው ወረዱ፣ መቀመጫውን በጨርቅ ጠራርገው ቁልፉን ለአንድ ወጣት ሰጡና በእግራቸው ሄዱ። ወጣቱ ገና ሳይቀመጥ መስታወቱን ወደ ራሱ ፊት አዞረ። እጁ ላይ ቢጫ የላስቲክ አምባር ነበረ። ከዚያ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ።

«ቆንጅት፣ የት ላድርስሽ?» አላት።

አላወቃትም። ይሄ ነው ከሁሉም የባሰው። ያንን ማክሰኞ ስንት ቀን ተሸክማው ስትዞር፣ እሱ ፊቷን እንኳ አላስታወሰም። ስንቷን ቆንጥጦ ስንቷን ያስታውስ። ስድስት መልስ ባንድ ጊዜ አፏ ላይ መጣላት፤ ስድስቱም ጥሩ ነበሩ፤ ክፍል ውስጥ ቢነገሩ ዴስክ ያስደበድባሉ። አንዱም ግን ያቺን የተፈታች የጫማ ማሰሪያ አያስርም። ዝም ብላ ሄደች። ከኋላዋ «ደግሞ ላንቺ» የሚል ድምፅ ተከተላት። አራት እርምጃም አልሞላም።

ረቡዕ ቲቸር ጸሐይወርቅ አስጠሯት። ቲቸር ጸሐይወርቅ የሴቶች ክበብ ኃላፊ ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ ተማሪዎቹ የደረሰባቸውን በጽሑፍ እንዲሰጧቸው ሲለምኑ ከርመው፣ ጽሑፎቹን ለባጃጅ ማህበሩ ሊያቀርቡ ነበር። ፌቨን በዚህ ሙድ ስትይዝባቸው ነው የከረመችው፤ ለካፊን በፎርም ማስቆም ዝናብን በማመልከቻ ማስቆም ነው ብላ ክፍሉን አስቃለች። አሁን ሴትየዋ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ፎቶ አስቀመጡ። የካርቶኑ ነው።

«የማህበሩ ሰዎች አርብ ሊሰሙን ፈቅደዋል» አሉ። «ለዚህች አርብ አምስት ወር ፈጅቶብኛል። እነሱ ግን ምን ይዘው እንደሚመጡ ታውቂያለሽ? ይሄንን። ከሰባቱ አንዷ ከሁለት ወር በፊት ጋራዥ ገብታ እስካሁን አልወጣችም። ሁለቱ ከሰዓት ጭራሽ አይሠሩም። ሴቶቹ ውሸታም ናቸው ለማለት ከዚህ የተሻለ ነገር ማንም ጽፎ ሊሰጣቸው አይችልም ነበር።»

ፌቨን በዚህ ሳምንት መልስ ሲያጥራት ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ መቁጠር ትታለች።

ቲቸር ጸሐይወርቅ አልቆጧትም። ቢቆጧት ይቀላት ነበር። አንድ ያልተሞላ ፎርም ገፋ አደረጉላትና በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ፣ ካልፈለግሽ ደግሞ አትጻፊ፣ ያለ አንቺም እንሞክራለን ብለው ወጡ።

ወረቀቱ ላይ ጥያቄዎች ታትመዋል። መቼ፣ የት፣ ማን፣ ምን አደረገ። እነዚህን በፍጥነት ጨረሰች። «ማን» በሚለው ላይ «ፊቱን አላየሁም» ብላ፣ ቁጥሩንና አምባሩን ጻፈች። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቆመች። «አንቺ ምን አልሽ? ምን አደረግሽ?» ይላል። ይሄ ወረቀት አርብ ለነጂዎቹ ሁሉ ይነበባል። ኢየሩስና ሌሎቹም እዚያ ይሆናሉ። የምርኩዙን ነገር መጻፍ ትችላለች፤ ሽማግሌው ብቻ ይቅር፤ ምርኩዙን ማን ያጣራል። መንገድ ማዶ የነበረችው ሃሴት እንደሆነች ዝም ማለት ታውቅበታለች።

እስክሪብቶውን ጥርሷ ላይ እያንኳኳች ብዙ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ ቃል ጻፈች፣ ፈረመች፣ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

አርብ ከሰዓት ማህበሩ የቆርቆሮ ዳሱ ሥር ተሰበሰበ። ነጂዎቹ ግማሾቹ አግዳሚ ላይ፣ ግማሾቹ ባጃጃቸው ላይ ሆነው ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ይጠብቃሉ፤ ትርዒት ሊያዩ እንደመጡ ዓይነት። የማህበሩ ሊቀመንበር አቶ ኩማ ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውታል። አቶ ዋሲሁን መቀመጥ ስለማይችሉ ከኋላ ምሰሶ ተደግፈው ቆመዋል። ፊልሞን ከፊት ነው።

መጀመሪያ ያነበቡት ሌሎቹ ሴቶች ናቸው፤ ፌቨን የምትንቃቸው፣ ዝም ባዮቹ። እየሰማች ማመን አቃታት። የትኛው ነጂ በስንት ሰዓት የቱ ጥግ እንደሚቆም፣ የቱ ሐሙስ እንደማይመጣ፣ የቱ ብቻውን ሲሆን ዝም ብሎ ጓደኛው ሲመጣ እንደሚጀምር ያውቃሉ። ካላወቁ እንዴት ብለው ይዞራሉ። ኢየሩስ እንኳ፣ ያቺ ዴስክ ደብዳቢ፣ ሁለት ባጃጅ እየለየች ከሰኔ ጀምሮ በመጋዘኑ ጓሮ እንደምትሄድ አነበበች። ፌቨን ሁልጊዜ መሃል ለመሃል ስታልፍ ከአፏ በቀር ያስተዋለችው ነገር እንዳልነበረ ገባት።

አቶ ኩማ ካርቶኑን አነሱ። 318ን የጻፈችው የትኛዋ ናት አሉ። ፌቨን ተነሳች።

ፊልሞን ቀደማት። ፊቱን በእጁ እየዳሰሰ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «እስቲ እዩኝ፣ ሽማግሌ እመስላለሁ?» አለ። «እሷው ናት ሽማግሌ ነው ያለችው። ሽማግሌውማ ያውና፣ ምሰሶ ተደግፎ።»

ዳሱ ሳቀ። አቶ ዋሲሁን መሬት መሬት አዩ።

ያንን ሳቅ ፌቨን ታውቀዋለች፤ ራሷ ናት የሠራችው። ለፊልሞን የሚሆን መልስም አልጠፋትም፤ እንዲህ ባለው ፊት ላይ መስታወት ማዞር የመስታወቱን ዕድሜ ያሳጥራል ብላ ልትጀምር ትችል ነበር። ዋጠችው።

«ሽማግሌ ያልኩት ለሳቅ ነው» አለች። «ውሸት ነው። ፊትህን አላየሁም። ያየሁት ቁጥሩንና እጅህን ነው። ያ አምባር ነበረበት።»

ፊልሞን የሸሚዙን እጅጌ ጎተት አደረገ። ሳያስበው ነው ያደረገው፤ ግን ሁሉም ሲጎትት አየው።

«አንቺስ ምን አልሽው?» አሉ አቶ ኩማ፣ ወረቀቱን እያዩ። ያነበቡትን ከአፏ ሊሰሙት ፈልገው ነው።

«ምንም» አለች ፌቨን። «ቆሜ ቀረሁ።»

ከኋላ አንዱ «ምርኩዙስ?» አለና ዳሱ ለሁለተኛ ጊዜ ሳቀ። በዚህኛው የኢየሩስም ድምፅ ነበረበት። የፌቨን ጆሮ እስከ ጫፉ ጋለ፤ ቢሆንም አልተቀመጠችም። ሃሴት ከጎኗ ተነስታ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደብተር የገዛችበትን ሱቅ፣ ባጃጇ የሄደችበትን አቅጣጫ፣ የነጂውን ስም ተናገረች። የማን ልጅ እንደሆነች ማንም አልጠየቃትም፤ ሁሉም ያውቃታል።

አቶ ዋሲሁን ከምሰሶው ተነስተው በሰዉ መሃል መጡ። መዳፋቸውን ፊልሞን ፊት ዘረጉ። ፊልሞን «ጋሼ፣ በዚህች ቃል ብቻ?» አለ፤ ወዲያና ወዲህ አየ፤ የሚስቅለት አጣ። ቁልፉን አወጣ።

ማህበሩ ፊልሞንን ከተራው አገደው። ሁለት ሌሎች ማስጠንቀቂያ ፈረሙ፤ አንደኛው ሲፈርም እንደ ዝነኛ ሰው ፊርማውን አሳመረው። የቀሩት «እኛ ቀልድ ነው፣ ሰላምታ ነው» ብለው ተበተኑ፤ ገና ከዳሱ ሳይርቁ ደግሞ አንዱ ለምታልፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ፕስስ» አለ። ድመቱ ዛሬም አልተገኘም።

ፌቨን ግን ቀለል ብሏት ነበር። የከፋው አልፏል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ከረቡዕ ጀምሮ ስታጠናው ከርማለች። አቶ ዋሲሁን ባጃጃቸውን ጎንበስ ብለው እየጠረጉ ነው፤ ሃሴት ከፊት ወንበሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ፌቨን ቀርባ እጆቿን አጣምራ ጀመረች። ጋሼ ዋሲሁን አለች፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎን አላውቅዎትም ነበር፤ ባላየሁት ነገር የእርስዎን ስም አጠፋሁ፤ አሁን ግን ሁሉም ፊት እውነቱን ተናግሬያለሁ፤ እኔም በጣም ተዋርጄያለሁ፤ ይቅርታዬም ከልብ የመነጨ ነው። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ በትክክለኛው ቦታ ተሰበረ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ስትጨርስ ትከሻዋን መታ መታ እንደሚያደርጓት ጠብቃ ነበር።

አቶ ዋሲሁን ጨርቁን አራግፈው አጠፉት። ቀና ሲሉ ወገባቸውን ያዙ። ትኩር ብለው አዩዋት፤ ክፉ አስተያየት አልነበረም፤ ብቻ የደከመው ሰው ነው።

«እኔማ እንዳላደረግሁት ድሮም አውቃለሁ፤ ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ። «ሂጂና የልጆቹን እናቶች በር አንኳኪ።»